«ሦስት ድል፣ አንድ ሽንፈት» ብዬ የሠራሁት ሠንጠረዥ አልቆም አለኝ፦ ስለ ኦባማ የኢሊኖይ ሴኔት ዓመታትና የምርጫ ውጤቶች

የቦሳው መምህር (ጅማ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ መድረክ አባላት።

እዚህ ጅማ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከቀድሞ ተማሪዎቼና ከጥቂት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር የምንሰባሰብበት የንባብ ክበብ አለን። በዚህ ወር የያዝነው ርዕስ የአንድ የክልል ምክር ቤት አባል የሥራና የምርጫ ታሪክ እንዴት መነበብ እንዳለበት ነው። በቅርባችን ያሉ ሰዎችን ስም ካነሣን ውይይቱ ወደ ፓርቲ ክርክር ዞሮ ቡናው ሳይፈላ እንበተናለን ብለን ስለሰጋን፣ ሩቅ አገር ካለ ነገር ግን ሁሉም ከሚያውቀው ሰው ለመጀመር ባራክ ኦባማን መረጥን። ፕሬዚዳንትነቱን አይደለም፤ ከዚያ በፊት ከ1997 እስከ 2004 በኢሊኖይ ግዛት ሴኔት ያገለገለባቸውን ዓመታት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በእኛ አቆጣጠር ቢሆን የ1996ቱ ምርጫም የ1997ቱ ቃለ መሐላም 1989 ዓ.ም. ውስጥ ስለሚወድቁ የእኛው ይቀል ነበር።)

በትልቅ ወረቀት ላይ በማርከር አራት ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ ሠራሁ። በ1996 ለግዛቱ ሴኔት ተወዳድሮ 82 በመቶ ድምፅ አገኘ፤ በ1998 በ89 በመቶ ተመረጠ፤ በ2000 ለፌዴራሉ የተወካዮች ምክር ቤት ተወዳድሮ በ30 በመቶ ተሸነፈ፤ በ2002 ወደ ግዛቱ ሴኔት 100 በመቶ ተመረጠ። ከሥር በቀይ ማርከር «ሦስት ድል፣ አንድ ሽንፈት» ብዬ ዘጋሁት። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ገና ሳልቀመጥ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ እጇን አወጣችና ሦስት ጥያቄ ደረደረችብኝ። የሥራ ዘመኑ ስንት ዓመት ቢሆን ነው መጀመሪያ በሁለት ዓመቱ ቀጥሎ ደግሞ በአራት ዓመቱ የተወዳደረው? በ2000 ከተሸነፈ በኋላስ እስከ 2002 በምክር ቤቱ የቆየው በየትኛው ምርጫ ነው? 100 በመቶ የሚያገኝ ሰውስ ከማን ጋር ተወዳድሮ ነው? በመጨረሻው ጥያቄ ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ በ2007 ዓ.ም. ምርጫ 547ቱ የፌዴራል መቀመጫዎች በሙሉ በገዢው ፓርቲና በአጋሮቹ መያዛቸውን ያልሰማ ከመካከላችን የለምና።

እኔ ግን አልሳቅሁም፤ አንዱንም መመለስ አልቻልኩማ። ያነበብኩት ጽሑፍ ቁጥሩን እንጂ ምክንያቱን አይሰጥም። በዚያ ላይ «ሴናተር» የሚለው ቃል ለግዛቱም ለፌዴራሉም አንድ ሆኖብን የትኛው ቦታ የትኛው እንደሆነ ግማሹ ሰው ተምታቶበታል። የምታውቁ ብታስረዱኝ የሚቀጥለው ቅዳሜ ሳይደርስ ወረቀቱን አስተካክለዋለሁ።

ሕግና ቡና (ጅማ)

መምህር፣ ተማሪዎ የጠየቀችው ከሠንጠረዡ የበለጠ ዋጋ ያለው ነገር ነው። ሦስቱም ጥያቄዎች መልሳቸው የኢሊኖይ ሕገ መንግሥት ውስጥ ስለሚገኝ ከዚያ ልጀምር።

የኢሊኖይ ሴኔት 59 መቀመጫዎች አሉት። በ1970 የጸደቀው ሕገ መንግሥት እነዚህን መቀመጫዎች በሦስት ቡድን ከፍሎ በሁለት የሕዝብ ቆጠራዎች መካከል ያለውን አሥር ዓመት በተለያየ መልክ ያከፋፍላቸዋል። አንዱ ቡድን ሁለት ጊዜ አራት ዓመት ይሠራና በመጨረሻ ሁለት ዓመት ይደርሰዋል፤ ሌላው በሁለት ዓመት ጀምሮ በአራት አራት ይቀጥላል፤ ሦስተኛው አራት፣ ሁለት፣ አራት ይሆናል። ዓላማው ምክር ቤቱ በአንድ ቀን ሙሉ በሙሉ እንዳይለወጥ ነው። በየአሥር ዓመቱ ቆጠራው ተካሂዶ ወረዳዎቹ እንደገና ሲካለሉ ግን 59ኙም መቀመጫዎች በአንድ ጊዜ ለምርጫ ይቀርባሉ። የኦባማ መቀመጫ፣ ማለትም በደቡብ ቺካጎ የነበረው 13ኛው ወረዳ፣ በ1990ዎቹ «አራት፣ ሁለት፣ አራት» ከሚባለው ቡድን ነበር። ከ1992 እስከ 1996 አራት፣ ከ1996 እስከ 1998 ሁለት፣ ከ1998 እስከ 2002 ደግሞ አራት ዓመት ማለት ነው። ስለዚህ በሁለት ዓመቱ ተመልሶ የተወዳደረው መጀመሪያውኑ ለሁለት ዓመት የተመረጠ በመሆኑ ነው።

ለእኛ ይህ ነገር እንግዳ መስሎ ቢታየን አይገርምም። የጨፌ ኦሮሚያም ሆነ የፌዴራሉ ምክር ቤት አባላት ለአምስት ዓመት ይመረጣሉ፤ የሁሉም ዘመን በአንድ ጊዜ ጀምሮ በአንድ ጊዜ ያልቃል። ለጨፌው ከአንድ የምርጫ ክልል ከአንድ በላይ ሰው ስለሚላክ፣ የአንድን አባል ውጤት ብቻውን ነጥሎ ማንበብም በራሱ ሌላ ዓይነት ችግር አለበት።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ፣ በ2000 የተካሄደው ውድድር ለኢሊኖይ ሴኔት አልነበረም። ኦባማ በፌዴራሉ የተወካዮች ምክር ቤት የሚገኘውን የቦቢ ረሽን መቀመጫ ፈልጎ በዴሞክራቲክ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ፣ ማለትም የፓርቲው ዕጩ ማን ይሁን በሚለው ላይ መራጮች ድምፅ በሚሰጡበት ምርጫ፣ የቀረበው በመጋቢት ወር ነበር። የግዛቱ ሴኔት ዘመኑ ግን እስከ 2002 የሚዘልቅ ስለነበር ሲሸነፍ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። በ2004 ለፌዴራሉ ሴኔት ሲወዳደርም እንዲሁ በ2002 የጀመረው ዘመን አጋማሽ ላይ ነበር። ማለትም ሁለቱም ትልልቅ ሙከራዎቹ የያዘውን ሳይለቅ የተደረጉ ናቸው። ሰውየው ደፋር ነበር የሚል ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አነባለሁ፤ ድፍረቱን አልክድም፣ ነገር ግን የቀን መቁጠሪያውም አግዞታል።

ሦስተኛውን ጥያቄ በተመለከተ፣ በ2002 ኦባማ ተቀናቃኝ አልነበረውም፤ የዚያን ምርጫ ሁኔታ ለመረዳት ደግሞ የወረዳውን ካርታ ማየት ያስፈልጋል። በኢሊኖይ ምክር ቤቱ በአዲሱ ካርታ ላይ ካልተስማማ ከሁለቱ ፓርቲዎች እኩል የተውጣጡ ስምንት ሰዎች ያሉበት ኮሚሽን ይቋቋማል። እነሱም እኩል ለእኩል ከተከፈሉ ዘጠነኛው ሰው በዕጣ ይወሰናል። ቃሌን ማጋነን አድርገው እንዳያዩብኝ እንጂ በ2001 የግዛቱ ዋና ጸሐፊ ዕጣውን ያወጣው የአብርሃም ሊንከንን ረጅም ባርኔጣ አስመስሎ ከተሠራ ባርኔጣ ውስጥ ነበር። ዕጣው ለዴሞክራቶች ወጣ፣ ካርታውን እነሱ ሠሩት፣ በ2002ቱ ምርጫም ለረጅም ዓመታት በሪፐብሊካኖች እጅ የቆየው ሴኔት ወደ እነሱ ተሻገረ። የኦባማም ወረዳ ወደ ሰሜን ተዘርግቶ የቺካጎን መሀል ከተማና የሐይቁን ዳር ባለጠጋ ሰፈሮች ያዘ።

የሂርማታ ልጅ (ቺካጎ)

መምህር፣ ተወልጄ ያደግሁት ሂርማታ ነው፤ ለብዙ ዓመታት ግን የኖርኩት ቺካጎ ስለሆነ ሕግና ቡና ዘሎ ያለፈውን የ1996ቱን ረድፍ እኔ ልጨምርበት። በእኔ አስተያየት የሠንጠረዥዎ ትልቁ ጉድለት ያለው እዚያ ላይ ነው፤ «82 በመቶ» የሚለው ቁጥር ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስተው ነው።

ከኦባማ በፊት መቀመጫውን የያዘችው አሊስ ፓልመር ነበረች። በ1995 አንድ የፌዴራል የምክር ቤት አባል ከሥልጣኑ በመልቀቁ ለማሟያ ምርጫው ለመወዳደር ወሰነች፤ በእሷ ቦታ ኦባማ እንዲተካም ድጋፏን ሰጠችው። የማሟያው ቅድመ ምርጫ በኅዳር መጨረሻ ሲካሄድ በታዋቂው የመብት ታጋይ በጄሲ ጃክሰን ልጅ ተሸንፋ ሦስተኛ ወጣች። ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞ ወንበሯ መመለስ ፈለገች። ሕግና ቡና የነገረንን የዘመን አቆጣጠር እዚህ ላይ ያስቡት፤ የእሷ የአራት ዓመት ዘመን በ1996 ያልቃል፤ ስለዚህ እንደ ኦባማ የምትመለስበት ወንበር አልነበራትም፤ እንደ አዲስ ዕጩ መመዝገብ ነበረባት። ኦባማ አልወጣም አለ። ቃል ገብቶ ነበር ወይስ አልገባም የሚለው ላይ ሁለቱ ወገኖች እስከ መጨረሻው አልተስማሙም።

ለመመዝገብ የ757 የወረዳው መራጮች ትክክለኛ ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ፓልመር በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሯሩጣ 1,580 አስገባች። የኦባማ ሰዎች ፊርማዎቹን ከመራጮች መዝገብ ጋር አንድ በአንድ አመሳከሩና ተቃውሞ አቀረቡ፤ ብዙዎቹ ውድቅ የሚሆኑ መሆናቸው ሲታይ ፓልመር ራሷን አገለለች። የቀሩት ሦስት ተፎካካሪዎችም በዚሁ መንገድ ከድምፅ መስጫ ወረቀቱ ወጡ። በመጋቢት 1996 በተደረገው የዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ኦባማ ብቻውን ቀረበ። ያ ወረዳ ደግሞ ዴሞክራት ከሆኑ ማሸነፉ ያለቀለት ጉዳይ የሆነበት ስለነበር፣ በኅዳር የተቆጠረው 82 በመቶ ከአንዲት ሪፐብሊካንና ከአንድ የአነስተኛ ፓርቲ ዕጩ ጋር ተደርጎ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ውድድር ነው። እውነተኛው ምርጫ ያለቀው በጥር ወር የፊርማ ቅጾች በተዘረጉበት ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ፊርማ እንዴት ውድቅ ይሆናል ለሚል ሰው በራሴ የደረሰውን ልንገረው። አንድ ጊዜ በባቡር ጣቢያ ደጃፍ፣ ብርዱ ጣት በሚያደነዝዝበት ቀን፣ አንድ ወጣት ሰሌዳ ላይ የተቆነጠጠ ቅጽ ይዞ ለአንድ ዕጩ ድጋፍ እንድፈርም ጠየቀኝ። ስሜን በትልልቅ ፊደላት መጻፍ ስጀምር እጄን ሊይዝ ምንም አልቀረው። «እንደሱ አይሆንም፣ ለመራጭነት ሲመዘገቡ እንደፈረሙት ይፈርሙ፤ አድራሻዎም መዝገቡ ላይ ያለው መሆን አለበት» አለኝ። ቤት የቀየርኩት ከሁለት ወር በፊት ነበርና መዝገቡ ላይ ያለው የድሮው አድራሻዬ መሆኑን ስነግረው አመስግኖኝ ወደሚቀጥለው ሰው ሄደ። እንግዲህ በችኮላ የተሰበሰበ ቅጽ ውስጥ እንደ እኔ ያሉ ስንት ሰዎች እንደሚገኙ ይገምቱ። ፓልመር ላይ የተነሡት ተቃውሞዎችም ከዚህ የራቁ አልነበሩም፤ ስሙን ሳይፈርም የጻፈ፣ ከወረዳው ውጭ የሚኖር፣ በመዝገቡ ላይ የሌለ።

እኔ በበኩሌ ይህን ሥራ አልወደድኩለትም። ሕጋዊ ነው፤ በቺካጎም የተለመደ ነው። ሆኖም የዚያ ወረዳ ሕዝብ ከሁለት የታወቁ ሰዎች አንዱን የመምረጥ ዕድሉን ሳያገኝ ቀረ።

ጡረተኛው አስፈጻሚ (አጋሮ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በጅማ ዞን በምርጫ ጣቢያ አስፈጻሚነት ከአንድ ጊዜ በላይ አገልግያለሁ። በሂርማታው ልጅ የመጨረሻ አስተያየት አልስማማም።

ልጄ፣ ፊርማ ይጠየቃል ከተባለ ፊርማው መመርመር አለበት። የማይመረመር ከሆነ መጠየቁ ምን ይጠቅማል? እኔ በሠራሁባቸው ጊዜያት የነበረው ትልቁ ቅሬታ ደንቡ ጠበቀ የሚል ሳይሆን ለአንዱ ጠብቆ ለሌላው ላላ የሚል ነበር። ኦባማ ደንቡን ለአንዲት ሴት ብቻ አጥብቆ ሌሎቹን ቢተው ኖሮ እወቅሰው ነበር፤ አራቱንም በአንድ ሚዛን መዝኗል። ሴትዮዋም ትንሽ ቀደም ብላ ብታስብበት ኖሮ ቅጹን ለመሙላት ጊዜ ነበራት።

የምጨምረው ሌላ ነገር ስለ ቅድመ ምርጫው ነው፤ መምህር ይህን ለልጆቹ አጥብቀው ይንገሩልኝ። በእኛ አገር ፓርቲው ዕጩውን በራሱ ውስጥ መርጦ ያቀርባል፤ መራጩ በምርጫ ጣቢያ የሚያየው ያለቀለትን ስምና ምልክት ነው። በእነሱ ዘንድ ግን የፓርቲው ዕጩ ማን ይሁን የሚለው ራሱ ድምፅ ይሰጥበታል። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመረጠ ወይም አንድ ጊዜ ተሸነፈ ሊባል ይችላል። የመምህር ሠንጠረዥ ሁለቱን ቀላቅሏቸዋል፤ 82 እና 89 በመቶ የኅዳሩ ጠቅላላ ምርጫ ውጤቶች ሲሆኑ 30 በመቶው ግን የመጋቢቱ ቅድመ ምርጫ ነው። ቡናን በኪሎና በጣሳ ለክቶ በአንድ ዓምድ እንደመደመር ነው።

በሁለት ዓምድ ከተከፈለ የሚወጣው ሥዕል ሌላ ነው። በግዛቱ ሴኔት ዘመኑ ሁሉ ከፓርቲው ውስጥ ብርቱ ተፎካካሪ ገጥሞት ድምፅ የተቆጠረባቸው ጊዜያት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ በ2000 ረሽ 61 በመቶ አግኝቶ እሱ በ30 በመቶ የተሸነፈበት ነው። ሌላው በመጋቢት 2004 ሰባት ዕጩዎች በተሰለፉበት ለፌዴራሉ ሴኔት በተደረገው ቅድመ ምርጫ ወደ 53 በመቶ ያገኘበት ነው። ስለ ሰውየው የሚናገሩት ቁጥሮች እነዚህ ሁለቱ ሲሆኑ የቀሩት የሚናገሩት ስለ ወረዳው ነው።

የቦሳው መምህር (ጅማ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የኪሎውንና የጣሳውን ነገር ቅዳሜ ሳልጠቅሰው አላልፍም።

አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኛል። ሠንጠረዡ ከምርጫው ቀጥሎ «ምን ሠራ» የሚል ክፍል አለው። ባነበብኩት ላይ በስምንቱ ዓመታት ከሰጣቸው ወደ 4,000 ገደማ ድምፆች ውስጥ ወደ 130 በሚጠጉት «አለሁ» ብቻ ብሎ ማለፉ እንደ ነውር ተጽፏል። እኔ «ድምፀ ተአቅቦ» ብዬ ተረጎምኩት። ትርጉሙ ልክ ነው? ደግሞስ እስከ 2002 ድረስ በስሙ የተመዘገቡ ሕጎች ጥቂት ሆነው በ2003 በአንድ ዓመት እንዲህ የበዙት ለምንድን ነው?

ሕግና ቡና (ጅማ)

ትርጉሙ ያሳስታል፤ ያሳሳተው ግን እርስዎን ብቻ አይደለም፣ የአገሩንም ሰው አሳስቷል።

በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 59 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ውሳኔ የሚያልፈው፣ በሌላ ሁኔታ ካልተደነገገ በቀር፣ በስብሰባው ተገኝተው ድምፅ በሰጡት አባላት የአብላጫ ድምፅ ነው። በኢሊኖይ ግን ረቂቅ ሕግ በሴኔቱ እንዲያልፍ ከ59ኙ አባላት የ30ዎቹ የድጋፍ ድምፅ የግድ ያስፈልጋል፤ የተገኙት ስንትም ይሁኑ ስንት ቁጥሩ አይቀንስም። አንድ ምሳሌ ልስጥ፦ 29 ሰዎች ደግፈው፣ 10 ተቃውመው፣ 20 «አለሁ» ቢሉ፣ በእኛ ዘንድ ከተሰጠው የድጋፍና የተቃውሞ ድምፅ 29 ለ10 ሆኖ ረቂቁ ያልፋል፤ በኢሊኖይ ግን አንድ ድምፅ ጎድሎት ይወድቃል። ስለዚህ እዚያ «አለሁ» ማለት በውጤቱ ከተቃውሞ አይለይም። አባላቱ የሚጠቀሙበት ሐሳቡን ደግፈው አጻጻፉን ሲጠሉ፣ ረቂቁ ሕገ መንግሥታዊ መሆኑን ሲጠራጠሩ ወይም ፓርቲያቸው በአንድነት እንዲያደርጉት ሲወስን ነው። በሚቀጥለው ምርጫ «እገሌ እንዲህ ያለውን ሕግ ተቃወመ» ተብሎ እንዳይጻፍባቸው የሚሸሹበትም ጊዜ እንዳለ አይካድም። የትኛው በየትኛው ጊዜ እንደሆነ የሚታወቀው እያንዳንዱን ረቂቅ ገልጦ በማየት ነው፤ 130 የሚለው ቁጥር ብቻውን አይነግረንም። እኔ ብሆን ቃሉን ሳልተረጉም «አለሁ የሚል ድምፅ» ብዬ ትቼ ከሥሩ ማብራሪያ እጽፍ ነበር።

ስለ ሕጎቹ ብዛት የጠየቁት ደግሞ መልሱ አጭር ነው። እስከ 2002 መጨረሻ ሴኔቱ በሪፐብሊካኖች እጅ ነበር፤ በአናሳው ፓርቲ ያለ ሰው የሚያቀርበው ረቂቅ ኮሚቴ ገብቶ ሳይወጣ ይቀራል። በጥር 2003 ዴሞክራቶች አብላጫ ሆኑ፣ ኤሚል ጆንስ የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ሆነ፣ ኦባማም የጤናና የሰብአዊ አገልግሎት ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢነትን ያዘ። ሰውየው ያው ነው፤ የተለወጠው ደጁ ነው።

የሂርማታ ልጅ (ቺካጎ)

ሕግና ቡና «ደጁ ተለወጠ» ያለው በመሠረቱ ልክ ቢሆንም የቀደሙትን ስድስት ዓመታት ባዶ አድርገን እንዳንተዋቸው እሰጋለሁ። በ1998 የወጣው የሥነ ምግባር ሕግ፣ ማለትም የግዛቱ ሹማምንትና የምክር ቤት አባላት የሚቀበሉትን ስጦታ የገደበው፣ ኦባማ በአናሳው ወገን ተቀምጦ ከሪፐብሊካኖች ጋር ተደራድሮ ካሳለፋቸው አንዱ ነው። የራሱ ፓርቲ አባላት ሳይቀሩ ቅር ተሰኝተውበት ነበር፤ የራሳቸውን ጉርሻ የሚያሳጥር ነበርና።

ከ2003ቱ ደግሞ አንዱን በቅርበት ማየት ለክበባችሁ የሚጠቅም ይመስለኛል። በነፍስ ግድያ የተጠረጠረ ሰው በፖሊስ ጣቢያ ሲመረመር ምርመራው በቪዲዮ ወይም በድምፅ እንዲቀረጽ የሚያስገድደው ሕግ ነው። በኢሊኖይ ሞት ተፈርዶባቸው በኋላ ነፃ መሆናቸው የተረጋገጠ ሰዎች ቁጥር 13 ደርሶ ነበር፤ በ2000 አገረ ገዥው የሞት ቅጣት አፈጻጸሙን ያገደው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከእነዚህ መካከል ተገደው የእምነት ቃል ሰጥተዋል የተባሉ ነበሩበት። ፖሊሶችና ዓቃብያነ ሕግ መጀመሪያ ረቂቁን አጥብቀው ተቃወሙት። ኦባማ ከእነሱ ጋር ቁጭ ብሎ ቃል በቃል ተነጋገረበት፤ መቅረጫው ሲበላሽ ምን ይሆናል፣ ከጣቢያ ውጭ የተሰጠ ቃልስ፣ እያለ። በመጨረሻ ሴኔቱ ያለ አንድ ተቃውሞ አሳለፈው። ኢሊኖይ ይህን በምክር ቤት በወጣ ሕግ በማስገደድ ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። ያለ ተቃውሞ ያለፈ ሕግ በሠንጠረዥ ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ይህኛው ግን የወራት ድርድር ነበረበት።

በአንጻሩ መጥፎውንም እንጻፍ። በ1999 መጨረሻ የጦር መሣሪያን የሚመለከት አንድ ብርቱ ረቂቅ ድምፅ ሊሰጥበት አስቸኳይ ስብሰባ ተጠርቶ ሳለ፣ ኦባማ ለበዓል ከቤተሰቡ ጋር ሃዋይ ነበር፤ ልጁ ታማበት ሳይመለስ ቀረ። ረቂቁ በጥቂት ድምፅ ወደቀ። ሦስት ወር ሳይሞላ የመጋቢቱ ቅድመ ምርጫ ነበር፤ የቦቢ ረሽ ልጅ ደግሞ በዚያው መከር በጥይት ተመቶ ሞቶ ነበር። የደቡብ ቺካጎ መራጭ የትኛውን አባት እንዳዘነለት መናገር አያሻም። ከ30 በመቶው ኋላ ይህም አለ፤ ምንም እንኳ ረሽ በሕዝቡ ዘንድ ሥር የሰደደ ሰው ስለነበር ኦባማ ያን ቀን ሳይቀር ቢመጣም ያሸንፍ ነበር ብዬ ባላምንም።

ጡረተኛው አስፈጻሚ (አጋሮ)

ከቺካጎ እስከ ግዛቱ ዋና ከተማ እስከ ስፕሪንግፊልድ ምን ያህል ይርቃል? ሰውየው እየተመላለሰ ነበር የሚሠራው?

የሂርማታ ልጅ (ቺካጎ)

320 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ጋሼ፤ ከጅማ አዲስ አበባ ትንሽ ያንሳል። ምክር ቤቱ በስብሰባ ላይ ባለባቸው ሳምንታት አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያድሩ ነበር። ከሁለቱም ፓርቲዎች የተውጣጡ አባላት ማታ ማታ ካርታ የሚጫወቱበት ጠረጴዛ ነበር፤ ኦባማም ከማይጠፉት አንዱ ነበር። ቺካጎ በሚውልባቸው ቀናት ደግሞ በዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ሕገ መንግሥት ያስተምር ነበር፤ የግዛት ምክር ቤት አባልነት ብቻውን ሙሉ የኑሮ ሥራ ተደርጎ አይቆጠርም ነበርና።

የቦሳው መምህር (ጅማ)

ዛሬ ማታ መብራት ከመሄዱ በፊት ወረቀቱን እንደገና ሠርቼዋለሁ። የድሮውን ገልብጬ ጀርባው ላይ ነው የጻፍኩት፤ «ሦስት ድል፣ አንድ ሽንፈት» የሚለው ቀይ ጽሑፍ በጀርባ በኩል ትንሽ ይታያል። አሁን እያንዳንዱ ዓመት ሁለት ዓምድ አለው፣ ቅድመ ምርጫና ጠቅላላ ምርጫ። ቀጥሎ «ስንት ዓመት ለማገልገል?» የሚል፣ ከዚያ «ከወረቀቱ ማን ወጣ?» የሚል ዓምድ አለ። በ1996 ረድፍ የመጨረሻው ዓምድ ጠብቦ አራቱን ሰዎች በትንንሽ ጽሑፍ ነው ያስገባኋቸው። በ2002 ረድፍ ደግሞ ባርኔጣ ስያለሁ፤ ሥዕሌ ግን ጀበና መስሏል።

ከ2002 በታች አንድ ረድፍ ጨምሬ በ2004 ጠቅላላ ምርጫ የሪፐብሊካኖችን ዕጩ አለን ኪይስን 70 በመቶ ለ27 ማሸነፉንና በኅዳር ወር የግዛቱን መቀመጫ መልቀቁን ጽፌያለሁ። ጋሼ፣ ከአጋሮ ቅዳሜ ብቅ ማለት የሚመችዎ ከሆነ ስለ ፊርማው ጉዳይ የእርስዎን ወገን ከእርስዎ አፍ ቢሰሙት ደስ ይለኛል።

ጡረተኛው አስፈጻሚ (አጋሮ)

ዝናቡ ካልያዘኝ እመጣለሁ። እስከዚያው ግን የ2004ቱን ረድፍ ከሌሎቹ ጋር አያያይዙት፤ ከላይ ያሉት የኢሊኖይ ሴኔት ናቸው፣ 70 በመቶው የዋሽንግተኑ ነው። በመካከላቸው ወፍራም መስመር ያስምሩበት፤ ያለዚያ «ሴናተር» የሚለው ቃል እንደገና ያምታታቸዋል።

ሕግና ቡና (ጅማ)

ከመስመሩ በላይ አንድ ነገር ይጨመር፤ እሱ የለቀቀው መቀመጫ በምርጫ አልተሞላም። በኢሊኖይ ሕግ ክፍት የሆነውን ቦታ የሚሞሉት በወረዳው ያሉት የዚያው ፓርቲ ተጠሪዎች ስለሆኑ ክዋሜ ራውል ተሾመበት፤ ኋላ በ2018 የግዛቱ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ሆኖ ተመረጠ። አሊስ ፓልመርም በ1991 ወደዚያው ወንበር መጀመሪያ የገባችው በሹመት ነበር። ተማሪዎ «እነዚህስ በስንት በመቶ?» ብላ ከጠየቀች በዓምዱ ላይ ሰረዝ ይጻፉበት።